ድንኳን ሰፊዎች የሰፏት ምድር

የአባቴ ሱቅ መርካቶ ውስጥ ሸራ ከሚሰፋበት መደዳ ላይ ነበር። የሠርግና የለቅሶ ድንኳን፣ የጭነት መኪና ሸራ፣ የገበያ ዳስ እንሰፋ ነበር። አባቴ "ሰው ቢስቅም ቢያለቅስም እኔ በሰፋሁት ሥር ነው" ማለት ይወዳል። እኔ ደግሞ ለአገሩ ሁሉ ጣሪያ እየሰፋሁ የራሴ የምለው ጣሪያ ያልነበረኝ ልጁ ነኝ። ከባሌ ተለያይቼ ወደ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ ጠዋት ሱቁን የምከፍት፣ ማታ የምዘጋ፣ በመሃል ያለውን ቀን ስፌት መኪና ላይ ጎብጬ የማሳልፍ እኔ ነበርኩ። አባቴ ለሰው ሲያወራ "ልጄ ታግዘኛለች" ይላል። ሰው ዓመታት ሙሉ ሲያግዝ ነገሩ ሌላ ስም ይወጣለታል ብዬ አስብ ነበር። አይወጣለትም።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። በእኛ ሙያ ቆራጭና ሰፊ እኩል አይደሉም። መቀሱን የያዘው ጌታ ነው፤ መኪናው ላይ የተቀመጠው ጌታው የቆረጠውን ይገጣጥማል። አባቴ ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው መቀሱን ለወንድሜ ሰጠው። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ለመሆን የሚያስፈልገው ትጋት የለውም። ረፋድ ላይ ይመጣል፣ ያለውን ድንኳን ይቆርጣል፣ ከዚያ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ይጫወታል። መደዳው ሁሉ ይወደዋል። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ የሚባለው እሱ ነው።

ያን ሰሞን መደዳው ሊፈርስ ነው ተባለ። ባለሱቆቹ በማኅበር ተደራጅተው በቦታው ላይ ፎቅ ሊሠሩ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሱቅ ደግሞ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በስሙ ይመዘገባል። አባቴ "እኔ አርጅቻለሁ፤ ከልጆቼ አንዱን አስመዘግባለሁ" አለ። የትኛችንን እንደሆነ አልተናገረም። ወንድሜ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገውም። እኔም አፍ አውጥቼ አልጠየቅሁም፤ ግን እፈልገው ነበር። እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም፤ ባሌን ሳገባው እንኳ እንደዚያ አልፈለግሁትም። ከዚያ ሱቅ ማንም ተነሥቶ "ውጪ" ሊለኝ እንዳይችል እፈልግ ነበር።

መምህሩ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ወጣት ነው፤ እዚያው ሰፈር አካባቢ ካሉት የግል ትምህርት ቤቶች በአንዱ ጂኦግራፊ ያስተምራል። መተላለፊያው ላይ ቆሞ መደዳውን ቃኘና ከሁሉ አባቴን መረጠ።

"ጋሼ፣ ምድርን መስፋት ይችላሉ?"

አባቴ ቀና እንኳ ሳይል "ዙሪያዋ ስንት ነው?" አለው።

"ስድስት ሜትር።"

"ትንሽ ናት እንዴ! እንሰፋታለን።"

ነገሩ ለወላጆች ቀን ነው። ከሰው ቁመት ከፍ የምትል ሰማያዊ የሸራ ኳስ ይፈልጋሉ፤ አህጉራቱን ተማሪዎቹ በቀለም ይሥሉባታል። እሱ የጓጓው ግን ከሥዕሉ ይልቅ ለመስመሮቹ ነበር። ከወለሉ ላይ የካርቶን ቁራጭ አንሥቶ ሣለልን። ከላይኛው ዋልታ እስከ ታችኛው ዋልታ የሚወርዱ አሥራ ሁለት ስፌቶች አሉ፤ እነዚህ ኬንትሮሶች ናቸው። በዙሪያዋ የሚጠመጠሙ አምስት ነጭ ሪባኖች አሉ፤ እነዚህ ኬክሮሶች ናቸው። መካከለኛው ሪባን የምድር ወገብ ነው። ከወገቡ እስከ ጫፍ ያለው መንገድ ሦስት ቦታ እኩል ይከፈልና ሁለት ሪባን ወደ ላይ፣ ሁለት ሪባን ወደ ታች ይገባል። ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚሉትን ቃላት ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄአቸዋለሁ። ለምን እንደሚጠቅሙ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

"ስፌቶቹ ሁሉ ርዝመታቸው እኩል ነው" አለ መምህሩ። "ሁሉም ከአንድ ቦታ ተነሥተው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሪባኖቹ ግን መቼም አይገናኙም፤ እኩልም አይደሉም። ትልቁ የወገቡ ነው።"

"ነቄ ነኝ" አለ ወንድሜ። "ወደ ላይ ሲወጣ እያጠረ ይሄዳል። የድንኳን ጣሪያ ማለት ነው። ጣጣ የለውም።"

ድንኳን ሰፊ ብቻ ሊሳሳተው የሚችለውን ስሕተት የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቤት መስመር ማለት የተወጠረ ክር ነው። ክሩን ኖራ ያስነኩታል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወጥሩታል፣ በጣት አንሥተው ይለቁታል፤ ሸራው ላይ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ይቀራል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የቆረጠው እንደዚያ ነው። ወንድሜም ስድስት ሜትሩን ለአሥራ ሁለት ሲያካፍለው የአንዱ ቁራጭ ወገብ ሃምሳ ሳንቲም ሆነ። ከወገቡ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ለካ። ከዚያ ከወገቡ ጠርዝ እስከ ጫፉ ክሩን ወጠረና ለቀቀው። በቃ፤ ከላይም ከታችም ሹል የሆነ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ቁራጭ ወጣ።

"ይሄ ኳስ አይሆንም" አልኩ ከመኪናው ላይ ሆኜ። "ጎኑ መጉበጥ አለበት።"

"አንቺ ስፊ።"

"እሰፋለሁ። ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነገር..."

"ሙድ አትያዢብኝ በናትሽ! ስንት ድንኳን ቆርጬአለሁ።"

ወደ አባቴ ዞርኩ። እሱ ፊቱን ወደ በሩ እንዳደረገ "ልጄ፣ ሙያ በልብ ነው" አለኝ። ይህን ተረት የፈጠረው ሰው ሙያ የሌለው ሰው መሆን አለበት።

እኔ የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በትዳር ዘመኔ ሶማሌ ተራ አጠገብ አንዲት ሴት ቤት የሴቶች ልብስ እሰፋ ነበር። የድንኳን ቤት ልጅ መሆኔን መጀመሪያ የቆረጥኩትን ቀሚስ አይታ ነው ያወቀችው። "ቀጥ ያለ ነገር ከወደድሽ ሂጂና መጋረጃ ስፊ፤ ሰው ላይ ቀጥ ያለ ቦታ የለም" አለችኝ። ጨርቅ ጡትና ዳሌ ላይ እንዲያርፍ ጎኑ ጎብጦ መቆረጥ እንዳለበት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ይህን ለወንድሜ እንዴት ብዬ ልንገረው? አባቴ በተቀመጠበት ስለ ዳሌ ላወራ ነው? አፌን ይዤ ሰፋሁት። በንዴት፣ ደርቤ፣ አጥብቄ ሰፋሁት። ኋላ ላይ ጥፋቱ በስፌቱ እንዳይሳበብ።

ሱቁ ውስጥ ስለማትበቃ ገበያው በረድ ሲል መተላለፊያው ላይ አወጣናት። በጭድ ተራ በኩል ያስመጣነውን ጭድ ወደ መሃል፣ የስፖንጅ ቁርጥራጩን ወደ ዳር እያደረግን ሞላናት። ሞልተን ስንጨርስ የተገኘችው ሁለት የጎጆ ክዳን አፍ ለአፍ የተገጠመ ነገር ናት። ከላይ ሹል፣ ከታች ሹል፣ ወገቧ ላይ ስለታም ጠርዝ። ልናቆማት ስንል ወደ ጎኗ ትጋደማለች። አንድ ወዛደር የጆንያ ሸክሙን እንደተሸከመ "መንገድ! መንገድ!" እያለ መጣና ፊቷ ቆመ።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?"

"ምድር ናት" አለው አባቴ።

"እንዲህ ሹል ሆና ነዋ የምትወጋን" ብሎ አለፈ።

መደዳው በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ወንድሜ ከዚያ ሁሉ ሳቅ ለይቶ የሰማው የእኔን ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ቀን በበሩ ያለፈ ሁሉ "ምድር እንዴት አደረች?" እያለ ሰላምታ ይሰጠው ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ፊቱን አጥቁሮ ነው።

መምህሩ ሲመጣ አልሳቀም። አንድ ጊዜ ዞራትና "ድንኳን ሆናለች" አለ።

"ምድርን እንዳሉን ነው የቆረጥናት" አለው ወንድሜ።

"ችግሩ ምን መሰለህ፣ ድንኳን ላይ ከወገብ ወደ ጫፍ ስትወጣ ዙሪያው በየሜትሩ እኩል እኩል ይቀንሳል። ሉል ላይ እንዲያ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ብዙም አይቀንስም፤ ጫፉ አጠገብ ሲደርስ ነው የሚጣደፈው።" ጥቂት አሰበና ጠየቀው። "ከወገቧ ተነሥተህ መንገዱን ሦስት ቦታ ከፍለህ ሁለቱን ብትወጣ፣ እዚያ ላይ ያለው ሪባን የወገቡ ስንተኛ ይሆናል?"

"ሲሶ" አለ ወንድሜ። "ሲሶ መንገድ ቀርቶኝ ሌላ ምን ሊሆን ነው?"

"ግማሽ ነው።"

"አይሆንም።"

"ወገቧ ስድስት ሜትር ከሆነ እዚያ ላይ ሦስት ሜትር ናት። ሁለት አይደለችም።"

"እሱ መጽሐፍ ላይ ነው የኔ ወንድም። ሸራ ላይ ሲሶ ነው።"

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። መምህሩ ተወውና ካርቶኑ ላይ ቁጥሮች ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ለማን እንደሚሰጠው ስላላወቀ እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ተነሥቼ ተቀበልኩት። "ይኸውልሽ እትዬ" አለኝ። "ወገቧ መቶ ቢሆን፣ ከመንገዱ ሲሶ ላይ ሰማንያ ሰባት፣ ግማሹ ላይ ሰባ አንድ፣ ከሦስት እጅ ሁለቱ ላይ ሃምሳ፣ ጫፉ ላይ ዜሮ። ቁራጮቹም በዚሁ ልክ ነው የሚጠቡት።" እትዬ ማለቱ አልጣመኝም፤ ቁጥሮቹ ግን ጣሙኝ። መጀመሪያ ሳሳ፣ ቆይቶ ጠበብ፣ መጨረሻ ላይ ሽምጥ። ይህን ጎን እኔ አውቀዋለሁ።

ወንድሜ "እንግዲያ ራሳችሁ ሰፏት" ብሎ ወጣ። አባቴ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ በዳበሳ ፈልጎ ወደ እኔ ገፋው። አንሥቶ አልሰጠኝም፤ ገፋው ነው። እኔ እንደ መስጠት ቆጠርኩት።

አዲስ ሸራ ዘረጋሁ። ወገቡ ላይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ሲሶው ላይ አርባ ሦስት ከምናምን፣ ከሦስት እጅ ሁለቱ ላይ ሃያ አምስት እያልኩ ነጥብ አደረግሁ፤ ነጥቦቹንም ክር ሳልወጥር በእጄ አጎብጬ አገናኘኋቸው። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ የቆረጥኩትን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይከተላል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የሚያየው በጣቱ ነው።

"ይሄ የሴት ልብስ ነው" አለኝ።

"ምድርም እኮ ሴት ናት አባባ።"

"ወገቧ ግን ወፍራም ነው።"

"ወልዳ ነዋ፣ ምን ታድርግ?"

ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቶ ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሱ ይዳስሳል፣ "እዚህ ጋ ሾል ብሎብሻል፤ መልሺው" ይለኛል። አንድ ነገር ደግሞ እሱ ባይነግረኝ ኖሮ ያሳፍረኝ ነበር። አሥራ ሁለቱን ስፌት አንድ ነጥብ ላይ ላገናኛቸው ስል መርፌው ተሰበረ፤ እዚያ ላይ የሚደራረበው ሸራ ለመኪና ይከብዳል። "ጫፉ ድረስ አታምጫቸው" አለኝ። "ጥቂት ሲቀራቸው ቁረጫቸውና ክብ ክዳን ድፊበት። የድንኳን ቁንጮ ላይ እንደዚያ ነው የምናደርገው። የተገናኙ ይመስላሉ።" ለሁለቱም ዋልታ ክብ ክዳን ቆርጬ ደፋሁባቸው፤ ሰጥ አሉ። ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ይዞ ነበር የሚራመደው። ያን ቀን የሚያስመዘግበው የእኔን ስም እንደሆነ እርግጠኛ ሆንኩ። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴው ቆርጬ ራሴው ሰፋሁት። ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ዓይነት።

ሁለተኛዋን ምድር ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ወስደን ነው የሞላናት፤ በእውነት ክብ ከሆነች በእኛ መተላለፊያ አታልፍም። ሆነች። ከየትም በኩል ቢያዩዋት ክብ። ወንድሜ ሪባኖቹን በራሱ ሕግ ቆርጦ አምጥቶ ኖሮ ከላይ የሚገባውን አንሥቼ ባዞረው ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አሉ፤ አንድ ሜትር ሙሉ ክፍት ቀረ። መምህሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያይ ጀመር። ሦስት ሜትር ለክቼ ቆርጬ አዞርኩት፤ ልክክ አለ።

"አየኸው?" አልኩት ወንድሜን።

"ያንቺ ሪባን ተለጥጦ ነው" አለኝ።

ወንድሜ ከሄደ በኋላ ሪባኖቹን እየሰፋሁ አንድ ነገር ገረመኝ። የወገቡን ሪባን ሳጠብቀው በቦታው ይቀመጣል። ከእሱ በላይ ያሉትን ግን ባጠበቅኋቸው ቁጥር እየተንሸራተቱ ወደ ዋልታው ይወጣሉ፤ በስፒል ካልያዝኳቸው አይቆሙም። መምህሩን ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

"የተወጠረ ነገር አጭሩን መንገድ ነው የሚፈልገው" አለኝ። "ኬንትሮሶቹ ሁሉ ራሳቸው አጭር መንገድ ናቸው። ከኬክሮሶቹ ግን አጭር መንገድ የወገቡ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ዙሪያ ጥምጥም ናቸው።"

"ካርታ ላይ ሁሉም ቀጥ ብለው አይደል የሚታዩት?"

"ካርታ ጠፍጣፋ ነዋ።"

ከዚያ ማዕዘን መለኪያውን አውጥቶ ሪባንና ስፌት የሚተላለፉበትን ቦታ ለካልኝ። አንዱንም ሳያስቀር ሁሉም ዘጠና ዲግሪ ነው። በሁለት ስፌትና በሁለት ሪባን የተከበበ አንድ ሰማያዊ ቦታ አሳየኝ። አራቱም ጥጎቹ ትክክል ናቸው፤ የላይኛው ጎኑ ግን ከታችኛው ያጥራል። በሸራ ሥራ አራት ጥጉ ትክክል የሆነ ነገር ፊት ለፊት ያሉት ጎኖቹ እኩል ናቸው። እኩል ካልሆኑ ከጥጎቹ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው። እዚህ ግን የዋሸ ጥግ የለም። በስንዝሬም፣ በሜትርም ደጋግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። መሬት ላይ ተቀምጬ ሳየው ቆየሁ። እንደገና ተማሪ ሆኜ በነበር ያሰኘኝ ያን ጊዜ ነው።

መምህሩ ቀይ የሸሚዝ ቁልፍ ሰጠኝና አዲስ አበባ ላይ እንድሰፋው ቦታውን በእርሳስ አመለከተኝ። ከወገቡ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በሁለት ስፌቶች መካከል፣ ከመስመሮቻችን አንዱም በማያልፍበት ቦታ ነው። ሰፋሁት።

የወላጆች ቀን ሦስታችንም ተጠራን። አህጉራቱ ተሥለውባት፣ ግቢው መሃል መድረክ ላይ ተቀምጣለች። ልጆቹ እየዞሩ ይዳስሷታል። ርእሰ መምህሯ ማይክ ይዛ ስለ መምህሩ ትጋት ተናገረች፤ ቀጥላም "ይህችን ምድር የቆረጠልን ባለሙያ ማን ነው? እስቲ ይነሣልን" አለች።

ወንድሜ ተነሣ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ማይኩን ሲያቀብሉት "ትንሽ ራስ ምታት ሰጥታኝ ነበር" አለ። "ግን ምድር አይደለች? ልማዷ ነው።" ወላጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ቀልድ ያውቃል፤ በሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅለት ነበር። መምህሩ ከመድረኩ ዳር ሆኖ አየኝና አፉን ሊከፍት ሲል ራሴን ነቀነቅሁ። እሱ እንዲናገርልኝ አልፈለግሁም። አባቴ እንዲናገር ነበር የፈለግሁት። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ወንድሜ ድምፅ አቅንቶ ያጨበጭብ ነበር።

ምዝገባው አርብ ነበር። አባቴን ወንድሜ ወሰደው፤ ከሰዓት ብቻውን በምርኩዙ ተመለሰ። ሱቁ በር ላይ ቆሞ "ወንድምሽን አስመዝግቤዋለሁ" አለኝ። "አንቺ ሴት ልጅ ነሽ። ነገ የሰው ቤት ትሄጃለሽ።"

"አንዴ ሄጄ አይቼዋለሁ" አልኩት።

የጀመርኩትን የድንኳን ጎን ጨርሼ ክሩን በጠስኩ፣ መኪናውን ሸፈንኩ፣ ሱቁን ዘጋሁ፣ ቁልፉን በእጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ሰኞ ጠዋት ሶማሌ ተራ አጠገብ ወዳለችው ሴትዮ ሄድኩ። ምን ሆነሽ ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ወንበር ሳበችልኝ። ደሞዜን የሚከፍለኝ ሰው አገኘሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ቂም ይዤ ነበር የምሰፋው። አሁንም ይዤ ነው።

ወንድሜ ጋ ደግሞ ምድሪቱን ያዩ ሌሎች ትምህርት ቤቶች መጥተው ነበር አሉ። "ሥራ በዝቶብናል" ብሎ መለሳቸው። ብዙም ሳይቆይ የስፌት መኪኖቹን አውጥቶ ሱቁን ለፕላስቲክ ጫማ ነጋዴ አከራየው። እሱ በሩ ላይ ወንበሩን አውጥቶ እንደ ድሮው ይቀመጣል። ይፈርሳል የተባለው መደዳም እስከ ዛሬ አልፈረሰም።

ከአባቴ ጋር ግን አንድ ቤት ነው የምንኖረው። ምግቡን አቀርባለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ፤ ከሚያስፈልገው በላይ አላወራውም። ክረምቱ እንዳለፈ አንድ እሑድ ቀትር ላይ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ የእግሩን ጥፍር እቆርጥለት ነበር፤ ራሱ መቁረጥ ካቆመ ቆይቷል።

"ተቀይመሽኛል" አለኝ።

"አዎ።"

"ማን እንደቆረጣት አውቃለሁ እኮ።"

"ማወቅህንማ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን አጨበጨብክ?"

"ልጄ ነው፤ ሰው መሃል ቆሟል። ምን ላድርግ?"

"ሴት ልጅ ነሽ ያልከኝስ?"

"እሱ ለሰው የሚባል ነው።" እግሩን ሰብሰብ አደረገ፤ መልሼ ያዝኩት። "ስሚኝ። አንቺ የትም ብትወድቂ በእጅሽ ትበያለሽ። አርብ ከሱቁ ወጣሽ፣ ሰኞ ሌላ ቦታ ነበርሽ። እሱ ከዚያ ሱቅ ቢወጣ ማን ይቀጥረዋል? ወንበሩን ይዞ የማን በር ላይ ይቀመጣል? እኔ ስሞት አንዳችሁ ሜዳ ላይ እንድትቀሩ አልፈልግም። ለዚህ ነው ለማይችለው የሰጠሁት።"

ከተናገረው ውስጥ ውሸት የምለው አንድም ቃል አላገኘሁም። ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ሴት ስለሆንኩ ነው ብሎ ቢጸና ኖሮ ቢያንስ የምሰድበው ነገር አገኝ ነበር።

"እሺ አባባ" አልኩት። "እኔ መርፌ መያዝ የማልችል፣ ደደብ ብሆን ኖሮስ? የኔን ስም ታስመዘግብ ነበር?"

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ብዙ ነገር ሆኗል፤ ውሸታም ግን አይደለም። ፊቱን ወደ ፀሐይዋ እንዳደረገ አሰበበት።

"አዎ" አለኝ። "ያኔማ ያንቺ ነበር።"

የቀረችውን የትንሽ ጣቱን ጥፍር ቆረጥኩና እግሩን ጫማው ውስጥ አስገባሁለት።